ውሃ የምትቋጥረው ኮሮላዬና ባሕር ዳር ያሉት ባትላሜራ

አዲስ መኪና ያላችሁ ይሄን ዝለሉት፣ ለእናንተ አይደለም። የኔዋ የ98 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ስንት እጅ አልፋ እንደደረሰችኝ የሸጠልኝ ደላላም አያውቅም፣ ሞተሯ ግን አይነገርም፣ ዘይት አትበላም፣ ዓባይ በረሃን ወጥታ ደጀን ስትገባ ሙቀቷ ከግማሽ አያልፍም። ችግሯ አንድ ብቻ ነበር፣ ውሃ ትቋጥራለች። በዚህ ምክንያት ሁለት ክረምት ሁለት ጋራዥ ተመላልሻለሁ፣ አንዱ ጋ ተቃጥያለሁ አንዱ ጋ ደሞ ዕዳዬ ቀሎልኛል፣ እሱን ነው የምነግራችሁ።

እኔ የምኖረው እንጅባራ ነው። እንጅባራን የሚያውቅ ያውቃል፣ ሌላው አገር ሰኔ ግም ሲል የሚጀምረው እኛ ጋ ግንቦት ላይ ግም ብሎ አልቋል፣ ከዛ በኋላ እስከ መስከረም ልብስ ተሰጥቶ አይደርቅም፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ጎረቤት ለጎረቤት ይጠራራል። እንደዚህ አይነት አገር ላይ ውሃ የሚያስገባ መኪና መያዝ ማለት ጀልባ ቀዶ ጣና ላይ መውጣት ነው።

መጀመሪያ ያወቅኩት ግንቦት መጨረሻ ላይ ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ነው። ጋቢና ተቀምጣ «አባዬ ካልሲዬ ራሰ» ትለኛለች፣ እኔ ደሞ ኩሬ ውስጥ ገብታ የመጣች መስሎኝ ተቆጣኋት፣ ስትወርድ ግን በእጄ ሞኬቱን፣ የወለሉን ምንጣፍ ማለቴ ነው፣ ጫን ሳደርገው በጣቶቼ መሀል ውሃ ብቅ አለ። ላዩ ደረቅ ነው እኮ! ላዩን ብታዩት ምንም የለውም፣ ከስር ያለው ስፖንጅ ነው ጠጥቶ ጠጥቶ የጠገበው። ያን ለት ነው ልጄን ይቅርታ የጠየቅኳት።

ሁለተኛው ይባስ። አማቴ ከቢቸና የላኩልንን የጤፍ ዱቄት አንድ ከረጢት ከኋላ ወንበር እግር ስር አስቀምጬ ማታ መሽቶብኝ ሳላወርደው አደረ፣ ሌሊቱን ደሞ ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ከረጢቱን ሳነሳው ከስሩ ሊጥ ሆኖ ሞኬቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ጠርጌዋለሁ ብዬ ተውኩት፣ በሦስተኛው ቀን በር ስከፍት መኪናው ቦክቷል። ባለቤቴ አፍንጫዋን ይዛ «በል እንግዲህ አብሲት ጣልበት» አለችኝ። ይሄ ቀልድ ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ሽታ ይስባል ብለው ከሰል አድርግበት አሉኝ፣ አዊ ዞን ላይ ደሞ ከሰል ምን ችግር አለ፣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል በየመንገዱ ዳር በጆንያ ተደርድሮ ነው ያለው። አንድ ፌስታል ከወንበር ስር አስቀመጥኩ። ለሁለት ቀን እውነትም ቀነሰ፣ ከዛ ከሰሉም ራሰና እርጥብ ከሰል ምን ምን እንደሚል ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጋራዥ። ስሙን አልጠራም፣ ከተማውንም አልጠራም፣ የሰው እንጀራ ነው። ገብቼ ውሃ ያስገባል ስል ልጁ ገና በሩን ሳይከፍት «ፓራብሬዛው ነው» አለኝ፣ የፊት መስታወቱን ማለቱ ነው። እንዴት አወቅክ አላልኩም፣ ያው ባለሙያ ነው ብዬ። አንድ ትልቅ ቱቦ ሲሊኮን አምጥቶ የፓራብሬዛውን ዙሪያ እንደ ኬክ ክሬም ለቀለቀው፣ 20 ደቂቃ አልፈጀበትም፣ 1,800 ብር። በነጋታው ዘነበ፣ ውሃው እንደነበረ ነው። ተመልሼ ሄድኩ፣ «ከበር ነው እንግዲህ» ብሎ አራቱንም በር ታችኛውን ጠርዝ ላሜራው የሚገጣጠምበትን በሙሉ በሲሊኮን ደፈነልኝ፣ ሌላ 1,500። ከዛ በኋላ በር ስዘጋ ከውስጥ ጭልቅ ጭልቅ የሚል ድምፅ መጣ፣ በጀሪካን ውሃ እንደያዘ አህያ ማለት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ የተነገረኝ «ያው መኪናው አርጅቷል፣ ይለመዳል» ነው። ገንዘቡ ሳይሆን ይቺ ይለመዳል የምትለዋ ናት እስካሁን የምታንገበግበኝ።

ክረምቱ እንደዛ አለፈ። በበጋ ችግሩን ረሳሁት፣ የኛ ነገር ያው ነው፣ ጣሪያ የሚያፈስ ቤት በበጋ ማን ያስታውሰዋል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ነው አንድ የታክሲ ሹፌር ወዳጄ ባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ መውጫው አካባቢ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ፣ የመኪና ቆርቆሮ ጠጋኝ ማለት ነው፣ አሉ፣ ቦርድ የላቸውም፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ነው፣ ውሃ ፍለጋ ከሆነ እሳቸው ጋ ሂድ ያለኝ። መንገዱ ሰላም በነበረ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነስቼ በዳንግላ በመራዊ አድርጌ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ሰውዬው ሻይ እየጠጡ ነው። ውሃ ያስገባል ስላቸው አልተነሱም። መኪናዋን ከሩቁ አይተው መጠየቅ ጀመሩ።

«ሲዘንብ ነው ወይስ ሳይዘንብም?»

«ሲዘንብ ነው ጋሼ»

«ቆማ እያለች ነው ወይስ ስትሄድ?»

«ቆማም ያስገባል»

«ግቢህ ስታቆማት አፍንጫዋ ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

እዚህ ጋ ዝም አልኩ፣ አስቤው አላውቅማ። ቆይቼ ግቢያችን ቁልቁል እንደሆነ፣ በአፍንጫዋ ከገባሁ ጋቢና በኩል እንደሚርስ፣ አዙሬ ካቆምኩ ደሞ ከኋላ ወንበር እግር ስር እንደሚያጠራቅም ትዝ አለኝ። ጤፉ የቦካው ለካ አዙሬ ያቆምኩ ለት ነው! ይሄን ስነግራቸው ሻዩን አስቀመጡ።

«ኤሲ ትጠቀማለህ?»

«እንጅባራ ላይ ምን ኤሲ ያስፈልጋል ጋሼ»

ሳቁ። «በል ኮፈኑን ክፈት» አሉ።

ጥያቄው ለምን እንደሆነ በኋላ እየሠሩ አስረዱኝ፣ እኔም እንደገባኝ ልንገራችሁ ምክንያቱም ይሄ ነው ከሁሉ የጠቀመኝ። መኪና ቆማ ዝናብ ሲመታት ውሃ ከገባ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ከፓራብሬዛ፣ ከጣሪያ መገጣጠሚያ፣ ከበር፣ ከዝናብ መጥረጊያው ስር። እርጥብ አስፋልት ላይ ስትሄድ ብቻ ከሆነ ደሞ ከስር ጎማ የሚረጨው ነው፣ ወለሉ ላይ ያሉት የጎማ ቡሾች ወልቀዋል ወይ ላሜራው በዝገት ተበልቷል ማለት ነው። ፀሐይ ቀን ኤሲ ከፍተህ ጋቢናው ከራሰ ዝናብን አትክሰስ፣ ኤሲው ውሃውን ወደ ውጪ የሚያንጠባጥብበት ቀጭን ጎማ ተደፍኖ ወደ ውስጥ እየገለበጠው ነው፣ ጤነኛ መኪና ኤሲ ከፍታ ስትቆም ከስሯ ጠብ ጠብ ማለት አለባት። አራተኛው የማሞቂያው ነው፣ ዳሽቦርዱ ስር ያለችው ትንሿ ራዲያተር ስትቀደድ የሚፈሰው ውሃ ሳይሆን ኩላንት ነው፣ በጣት ሲነካ ያሟልጫል፣ ጣፋጭ ሽታ አለው፣ መስታወቱን ከውስጥ ቅባት ነገር ያለብሰዋል፣ የራዲያተሩም ውሃ በየጊዜው ይቀንሳል። እንዳትቀምሱት ብቻ፣ መርዝ ነው። ሰውዬው የኔን ሞኬት በጣታቸው ነክተው አሸተቱትና «ይሄ የሰማይ ነው» አሉ፣ ከዛ ደሞ ትንሽ ቆየት ብለው «ጤፍ ይሸታል ልበል?»። ምን ልበላቸው።

ከዛ ወንበሮቹን አስወጡ። የፊት ወንበር አራት ብሎን ነው፣ ረዳታቸው አንድ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ በደቂቃ ነው ያወጣው። ሞኬቱን ሲገለብጡት ስሩ ያለው ስፖንጅ ለሁለት ሰው ከበደ፣ አጥር ላይ ሰቅለው ሲረግጡት ሲጨምቁት ባልዲ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ወለሉ ላይ ቢጫ ቢጫ ዝገት ጀምሯል፣ አልበሳም ገና። ሰውዬው በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ድምፁን እየሰሙ ዞሩት፣ «አንድ ክረምት ብትቆይ ኖሮ እግርህ አስፋልት ይነካ ነበር» አሉኝ።

አሁን ዋናው ፍለጋ። ወለሉን በጨርቅ አደረቁትና ልጁ የሕፃን ፓውደር አምጥቶ በዳሽቦርዱ ስርና በበሮቹ ስር ላሜራው ላይ ነሰነሰው። ምን ሊሆን ነው ስል ውሃ ሲመጣ ፓውደሩ ላይ መስመር ያበጃል፣ መስመሩን ይዘህ ወደ ላይ ትሄዳለህ አለኝ። እኔ እስከዛሬ ውሃውን ያየሁበት ቦታ ነው ቀዳዳው የሚመስለኝ የነበረው፣ ሰውዬው ግን ውሃ እንደ ሌባ ነው፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው ነው የሚወጣው ይላሉ። ልጁ ባትሪ ይዞ በጀርባው ዳሽቦርዱ ስር ተኛ፣ በር ተዘጋበት፣ ሽማግሌው የውሃ ጎማ ያዙ። ግፊት የለውም፣ ጫፉን ሳይጨቁኑት ዝም ብሎ እንደ ምንጭ የሚፈስ ውሃ ነው፣ የሚጀምሩት ደሞ ከታች ነው! መጀመሪያ የበሩን ታች፣ ከዛ የበሩን መሀል፣ ከዛ መስታወቱን፣ ከዛ ፓራብሬዛውን፣ በየአንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ። ለምን ከታች ስላቸው ከላይ ካፈሰስከው ውሃው ወርዶ ሁሉንም ያረጥበዋል፣ የቱ ጋ እንደገባ አታውቅም አሉኝ። እውነት ነው፣ ግን ማን ያስባል። እዚህ ጋ ላቫጆ ላይ በፕሬዠር አስመትታችሁ ለመፈለግ የምትሞክሩ ካላችሁ ተዉት፣ ያ ግፊት ዝናብ በማያልፍበት ጎሚኒም (የበርና የመስታወት ማሸጊያ ጎማ) ያልፋል፣ የሌለ ቀዳዳ ያሳያችኋል።

ፓራብሬዛው ላይ አሥር ደቂቃ አፈሰሱ፣ ልጁ «ምንም የለም» አለ። አምስት ደቂቃ ጨመሩ። ምንም የለም። ለማረጋገጥ ደሞ ሌላ ነገር አደረጉ፣ መስኮቶቹን በሙሉ ዘግተው የንፋሱን ማራገቢያ ከውጪ አየር እንዲስብ አድርገው መጨረሻው ላይ ለቀቁትና የፓራብሬዛውን ጠርዝ ከውጪ በሳሙና ውሃ ቀቡት። ቀዳዳ ቢኖር አየሩ ሲወጣ አረፋ ያስነሳል፣ ልክ የተነፋ ጎማ ላይ እንደሚፈልጉት። አንድም አረፋ የለም። ፓራብሬዛዬ ንፁህ ነበረች ማለት ነው፣ 1,800 ብሬ ንፁህ መስታወት ላይ ነው የተለቀለቀው።

ከዛ ጎማውን ወደ ዝናብ መጥረጊያው ስር፣ ያቺ ፕላስቲክ ወንፊት ነገር ላይ አደረጉት። አንድ ደቂቃ አልሞላም ልጁ ከውስጥ ጮኸ። ሄጄ በባትሪ ሳይ ጋቢና በኩል ከንፋሱ ሞተር ሳጥን ጠርዝ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዛ ክር ሆኖ ፓውደሩ ላይ ጥርት ያለ መስመር አበጅቶ ወደ ሞኬቱ ቦታ ይወርዳል። ሁለት ዓመት ያንገላታኝን ነገር በዓይኔ ሳየው ምን እንደተሰማኝ አልነግራችሁም።

መጥረጊያዎቹ ተፈቱ፣ ፕላስቲኩ ተነሳ። ከስሩ ጉድ ነው። ግቢያችን ጥግ ዲከረንስ አለ፣ መኪናዋን ጥላ ብዬ እዛ ስር ነው የማቆማት። የዲከረንስ ቅጠል ታውቁት የለ፣ ደቃቅ ነው፣ በወንፊቱ ሾልኮ ይገባል፣ እዛ ውስጥ ዓመት ከዓመት ወድቆ በስብሶ ጥቁር ሆኖ የቡና አተላ መስሏል። ሽማግሌው በእጃቸው እየዛቁ አንድ ፌስታል ሞሉ፣ መሀሉ ላይ ምስጥ መሳይ ትልና አንድ የበቀለች ሣር ጭምር ነበረበት። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፓራብሬዛው ላይ የሚወርደው ዝናብ በሙሉ እዛ ገንዳ ውስጥ ይገባል፣ ገብቶ በግራና በቀኝ ጫፍ ባሉ ቀዳዳዎች ከፊት ጎማ ጀርባ በፓራፋንጎው ውስጥ ወርዶ መሬት ይፈሳል፣ ለዛ ነው የተሠራው። ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ገንዳው ይሞላል፣ ሲሞላ ደሞ የንፋሱ አየር የሚገባበት አፍ አለ፣ በሱ ላይ ተርፎ ይገለበጣል፣ እሱ በቀጥታ የጋቢናው እግር ስር ነው። ወፍራም ሽቦ ጫፉን አጥፈው ላሜራ እንዳይቧጭር ጨርቅ ጠቅልለው ሰደዱበት፣ ውሃ ደፉበት፣ ከጎማው ጀርባ ሽርርር ብሎ ጥቁር ውሃ ሲወርድ ሽማግሌው «ሸና» አሉ። ልጄ ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር።

እዚህ ያበቃ መስሎኝ ኪሴ ልገባ ስል «ቆይ፣ የበርህን ድምፅ አልወደድኩትም» አሉኝ። ጭልቅ የሚለውን ማለታቸው ነው። በሩን ከስር አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለካ በር ውስጥ ውሃ መግባቱ ጥፋት አይደለም! በመስታወቱና በጎሚኒው መሀል ሁሌም ይገባል፣ ለዛ ነው በየበሩ ታች ሁለት ሦስት ሽንቁር ያለው፣ በሱ ይወጣል። ያኛው ልጅ ሲሊኮን የለቀለቀው በትክክል እነዛን ሽንቁሮች ነው። ማፍሰሻውን ደፈነው ማለት ነው። ሽማግሌው በካቻቢቴ ሲወጓቸው ከአንዱ በር ብቻ የወጣው ውሃ የጀበና ሙሉ ይሆናል። ደሞ ሲሊኮኑ ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አይነት ነው፣ ይሄ አይነቱ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ላሜራ ያስዝጋል፣ ኋላ ቀለም ልቀባ ብትል ደሞ ቀለም አይዝበትም። ተፍቆ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ነው የፈጀው፣ ያንን ደሞ ያስከፈሉኝ እኔን ነው እንጂ ማንን።

የሹፌር በር ግን ሌላ ጣጣ ነበረበት፣ እሱ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አምና የመስታወቱ ሞተር ተበላሽቶ ኤሌትሪሺያን ሲሠራው ቶሎ በል እቸኩላለሁ ብዬ ቆሜበት ነበር። ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ሰፊ ላስቲክ አለ፣ በጥቁር ተጣባቂ ማስቲሽ መሳይ ነገር የተለጠፈ፣ ሥራው በር ውስጥ የገባው ውሃ ወደ መኪናው ውስጥ እንዳይሻገር ነው። ኤሌትሪሺያኑ ቀዶት ሞተሩን አውጥቶ ሲጨርስ እንደተንጠለጠለ ዘጋበት። ውሃው በተቀደደው ላስቲክ ላይ እየወረደ በበሩ ደፍ ተሻግሮ ወደ ሞኬት ይገባል። አዲስ ወፍራም ላስቲክ ቆርጠው በቡታይል ቴፕ ዙሪያውን ለጠፉት፣ የታችኛው ጫፍ ደሞ ወደ በሩ ውስጥ እንዲገባ አድርገው፣ ይቺ ነገር ናት ዋናዋ አሉ፣ ጫፉ ወደ ሰው በኩል ከወጣ ላስቲኩ ውሃውን ራሱ ጭንህ ላይ ያፈስልሃል።

የበር ጎሚኒዎቹንም በ10 ብር ኖት ሞከሯቸው። ኖቱን ጎሚኒው ላይ አድርገው በር ይዘጋሉ፣ ከዛ ይስቡታል። እየታገለ ከወጣ ጎሚኒው ይሠራል፣ ቅልል ብሎ ከወጣ እዛ ቦታ ላይ ሞቷል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ላዩ ጥግ ላይ ላላ ብሎ ነበር፣ መቀየር አያስፈልግም ብለው ከውስጡ ቀጭን ጎማ ሰድደው ሞሉት። አዲስ ግዛ ቢሉኝ እገዛ ነበር እኮ፣ ያን ያህል አምኛቸዋለሁ።

ሒሳቡ፣ የቀኑ የእጅ 4,500፣ ቡታይል ቴፕና ላስቲክ 700፣ ወለሉ ላይ ዝገቱን ፍቀው ፀረ ዝገት የቀቡበት 600። በድምሩ 5,800 ብር። ውድ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ሲሊኮኑ ላይ 3,300 ጥዬ ምንም አላገኘሁም፣ እዚህ ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ሰው ሲደክም ዓይቻለሁ፣ የቀኑ አብዛኛው ፍለጋና ሲሊኮን መፋቅ ነው፣ ጥገናው ራሱ ትንሽ ነው። ብዙ ጋራዥ ለፍለጋ ብር አይጠይቅም፣ ለዛ ነው የማይፈልገው።

አሁን ደሞ የማልወድላቸውን ልንገር፣ አለበለዚያ ዘመድ የጻፈው ይመስላል። ቀጠሮ የሚባል ነገር እሳቸው ጋ አይሠራም፣ ከኔ በኋላ የመጣ አንድ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ውሎ ሳይነካ ተመለሰ፣ ሹፌሩ እየተራገመ ነው የሄደው። ደረሰኝ የለም፣ መሥሪያ ቤት የሚያወራርድ ሰው አይሂድ። የበሩን ሽፋን ሲያወጡ ሁለት የፕላስቲክ ቁልፍ ሰብረዋል፣ ትልቅ ነገር አይደለም ብለው ዘጉት፣ አሁን ኮረኮንች ላይ ስሄድ በሩ ይንጣጣል። ስልክ አያነሱም። ከሁሉ የከበደኝ ደሞ ሞኬቱን እርጥቡን አንመልሰውም ማለታቸው፣ ስፖንጁ ካልደረቀ ላሜራው ከስር ይዝጋል፣ ይሸታል አሉ፣ ትክክል ናቸው ግን ውጤቱ እኔ ባዶ ላሜራ ላይ ወንበር ብቻ ታስሮልኝ ሞኬቱን ከኋላ ጠቅልዬ ከባሕር ዳር እንጅባራ መምጣቴ ነው፣ ድምፁ የወፍጮ ቤት ነው። ቤት ወስጄ አጥር ላይ አሰጣሁት፣ በሰኔ፣ እንጅባራ ላይ። ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ ሁለቴ ከዝናብ ሸሽተን ምድጃ ያለበት ማድ ቤት አስገብተነዋል፣ አሁን አብሲት አብሲት ማለቱን ትቶ ጭስ ጭስ ይላል። ባለቤቴ ተሻለ ትላለች።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ለስልኩና ለተሰበሩት ቁልፎች ነው።

ባሕር ዳር መሄድ የማይመቻችሁ፣ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ቢያንስ ኮፈኑን ከፍታችሁ የዝናብ መጥረጊያው ስር ቅጠል ካለ ዛቁት፣ በሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ግራም ቀኝም ድፉበትና ከጎማው ጀርባ መውረዱን እዩ። የበሮቹን ታች ሽንቁር በስንጥር ወጋ ወጋ አድርጉ። ይሄ ነፃ ነው። የፊውዝ ሳጥኑ ላይ ወይ ዳሽቦርዱ ስር ያሉት ሶኬቶች ላይ ውሃ ካያችሁ ግን መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ከዛ ነው ሌላው።

ሐምሌ ሙሉ ዘንቦበታል፣ ጋቢናው ደረቅ ነው፣ በየቀኑ ጠዋት ጋዜጣ ሞኬቱ ላይ አንጥፌ እያየሁ ነው፣ ልጄ የአባዬ ጋዜጣ ንባብ ትለዋለች። ዲከረንሱ ስር ማቆም ትቻለሁ። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፣ ባለፈው ሳምንት ትርፍ ጎማ ላወጣ የኋላ ኮፈን ከፍቼ ምንጣፉን ሳነሳ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ አገኘሁ። በግራው ስቶፕ መብራት ጎሚኒ በኩል ይመስለኛል፣ ከውስጥ ላሜራው ላይ የወረደበት ፈለግ ይታያል፣ ፓውደር ነስንሼ ማየት ጀምሬያለሁ። ሽማግሌው ጋ ደወልኩ፣ ያው አላነሱም። ጳጉሜ ላይ መንገዱ ከተመቸ እሄዳለሁ፣ እስከዛው ድረስ ከጉድጓዱ ስር ያለችውን የጎማ ቡሽ ነቅዬ ውሃው ራሱን ችሎ እንዲወጣ ትቼዋለሁ።